ጅራቱን የሚወዘውዝ ተሳቢ

ካልጋሪ፣ ካናዳ
ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ለአሳዳጊዬ ለጋሼ ገብረ ክርስቶስ፤

ሰላምታዬ ባሕሩንም ተራራውንም ተሻግሮ ዘመሮ ይድረስልኝ። ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የእትዬ አማከለች ወገብ ተሻለው? በጎቹስ? እኔ አምላክ ይመስገን ጤና ነኝ። ብርዱ ገና አልለቀቀንም፤ ግን የመንዝ ውርጭ ያሳደገው ሰው በብርድ ቢያማርር ይሳቅበታልና ዝም ብያለሁ።

ጆሮዎ ስልክ ስለማይሰማ ወሬው ሁሉ ተጠራቅሞብኛል። ይህንንም እንደተለመደው ፎቶ አንሥቼ ለተከራይዎ ለመምህርት ገሊላ እልከዋለሁ። ኔትወርክ ባገኘች ቀን ታደርስልዎታለች።

ዋናው ወሬ ሥራ መቀየሬ ነው። መኪና ማጠቡን ትቼ መኪና ጫኝ ሆኛለሁ። አይሳቁ። እዚህ አገር የድሮ መኪናን እንደ ሙሽራ የሚንከባከቡ ሀብታሞች አሉ። ዝናብ እንዳይነካት፣ ጠጠር እንዳይፈናጠርባት ብለው በገዛ ጎማዋ አያስኬዷትም። እኛ ጎማ ባለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ እናስገባትና በሩን ዘግተን በትልቅ ፒካፕ እንጎትታታለን። ቤት ያለው ተሳቢ ማለት ነው።

እስካለፈው ወር ሌላ ሰው እየጫነ እኔ እነዳ ነበር። አሁን መጫኑም የእኔ ሆኗል። በመጀመሪያው ቀን መኪናዋን ሳስገባ የፒካፑ ኋላ ዝቅ ሲል አሳዘነኝ። እርስዎ ስለ በቅሎ የሚሉት ትዝ አለኝ፦ «ጫንቃዋን አታስጨንቂው፤ ቁልቁለት ካለ ጭነቱን ወደ ኋላ ሳቢው።» ሁለት ክንድ ያህል ወደ ኋላ ወሰድኳት፤ ፒካፑም ቀና አለ። አሠሪዬ ስላልነበረ ያደነቀኝ ሰው የለም፤ እርስዎ ያድንቁኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። በሰዓት ዘጠና፣ መቶ ኪሎ ሜትር ስነዳ ተሳቢው ጅራቱን ይወዘውዛል። ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፈኝ ይብስበታል። ጎማዎቹን ነፋሁ፤ አልተወም። ነፋስ ይመስለኛል። በሐምሌ መጨረሻ ታላቁን ተራራ ተሻግሬ፣ ረጅሙን ቁልቁለት ወርጄ አንዲት መኪና ማድረስ አለብኝ። በሰላም ካደረስኩ ቋሚ ሾፌር እሆናለሁ፤ ካልሆነልኝ ወደ ማጠቢያው እመለሳለሁ። ይጸልዩልኝ።

ልጅዎ ትርሲት ኪዳነ

ዘመሮ
ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት፤

የቅዱስ ገብርኤል ክንፍ ከመሪሽ አይራቅ። እኛ ደህና ነን። አማከለች ወገቧን ቢያማትም ምላሷ ጤነኛ ነው። በጎቹ ሁለት ወልደዋል፤ አንዷ ጥቁር ናት።

ደብዳቤሽ ሁለት ሳምንት ገሊላ ስልክ ውስጥ ሳይገባ መንገድ ላይ ቆየ፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ ሰው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ከመጣ ወዲህ ግን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጎማ ያላትን መኪና በሌላ ጎማ ላይ ጭኖ መሄድ! ለአማከለች ብነግራት «ሀብታም የሚያደርገውን ቢያጣ በቅሎውን ያዝላል» አለች።

የገረመኝ ግን እሱ አይደለም፤ መወዝወዙ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት አጋሰስ ነድቻለሁ። የበቅሎ ጭነት ሲወዛወዝ ወይ ግራና ቀኙ አልተካከለም፣ ወይ መጫኛው ላልቷል፣ ወይ ውስጡ የሚንከላወስ ነገር አለ። ያንቺ የትኛው ነው? ነፋስ ነው ያልሽውን አልተቀበልሁም። ነፋስ ሁሉን ይነካል፤ ጅራቱን ለይቶ ለምን ይመርጣል? የተሳቢው ጎማ የት ላይ ነው፣ መሃል ነው ወይስ ወደ ኋላ? ሲወዛወዝ ብቻውን ነው ወይስ ፒካፑንም ይዞት ነው? መንጠቆው ላይ ምን ዓይነት ድምፅ ትሰሚያለሽ? ሁሉንም በሥዕል አድርገሽ ላኪልኝ። ሥራ ፈትቻለሁና ሳስበው እውላለሁ።

ጭነቱን ወደ ኋላ መሳብሽ ደስ አሰኝቶኛል። የጫኝ ቤት ልጅ መሆንሽ ታወቀ። እንዲያውም ጥቂት ብትጨምሪበት ሳይሻል አይቀርም። አሠሪሽንም ጠይቂ፤ ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል።

አባትሽ ቢኖር ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀው ነበር፤ እሱም ተሳቢ ይጎትት ነበርና። ነፍሱን ይማረው።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስታገኚ የማንበቢያ መነጽር ላኪልኝ። የአሁኑ አንድ እግሩ በክር ነው የቆመው።

አጎትሽ ገብረ ክርስቶስ

ካልጋሪ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

እንደምን አሉልኝ? ጥቁሯን ግልገል ለእኔ ይቁጠሩልኝ፤ ስሟንም እኔ አወጣለሁ። መነጽሩን ገዝቻለሁ፤ የሚሄድ ሰው እየፈለግኩ ነው።

ሥዕሉን ከዚህ ጋር ያገኙታል። የተሳቢው ጎማ በያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ነው፤ ቦታው ከመሃል ጥቂት ወደ ኋላ ነው። መጫኛው አልላላም፤ መኪናዋ በአራት ጠንካራ ቀበቶ ወለሉ ላይ ተወጥራ ታስራለች። ግራና ቀኙም እኩል ነው። ሲወዛወዝ ፒካፑን ይዞት ነው፤ ያን ጊዜ መሪው እጄ ላይ ቅልል ይለኛል። መንጠቆው ደግሞ የድልድይ መገጣጠሚያ ስናልፍ ቋ ቋ ይላል። ወደ ላይ ሊነሣ የሚታገል ይመስላል።

እንዳሉኝ አንድ ክንድ ጨምሬ ወደ ኋላ ሳብኳት። በዚያ ቀን መንገድ ዳር አንድ ሰዓት ያህል ቆሜ ነበር። እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው። ደህና ነኝ።

አሠሪዬን አልጠየቅኩም። ሲቀጥረኝ ከእግር እስከ ራሴ አይቶኝ «ትችያለሽ?» አለኝ፤ «እችላለሁ» አልኩት። አሁን ተመልሼ አልቻልኩም ልበለው? ይህን ቃል ከአፌ ከሰማ ተራራውን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል። እኔና እርስዎ እንፍታው።

ልጅዎ ትርሲት

ዘመሮ
ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትርሲት፤

ጤና ይስጥሽ። የእጅ ጽሑፉ የገሊላ ነው፤ ቃሉ የእኔ ነው። ዓይኔ ደክሞ ነውና ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

«ወደ ላይ ሊነሣ የሚታገል ይመስላል» ያልሽው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በቅሎ ጭነቱን በአራት እግሯ መሃል ትሸከማለች። ወደ ኋላ ብትስቢውም ያው እሷው ላይ ነው። ተሳቢ ግን ጎማው ላይ እንደ ሚዛን የተቀመጠ ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲወርድ ሌላው ይነሣል። እዚህ ዕድሜ ደርሼ ይህን አለማሰቤ ገረመኝ።

ከቆላ ጨውና በርበሬ በፒካፕ የሚያመጣውን ወዳጄን ከድርን ታውቂዋለሽ። በገበያ ቀን ያዝሁት። ውኃ የሚያመላልሰውን ባለሁለት ጎማ ጋሪ ተዋስሁ። ፈረሱን ፈታን፤ ብየዳ ቤቱም አንድ ረጅም ብረት ገጥሞልን ጋሪውን ከፒካፑ ኋላ አያያዝነው። ከድር «ወላሂ ጋሼ፣ በቅሎውን ሲያስቸግሩ ኖረው አሁን ወደ መኪና ዞሩ» አለኝ። ግን እሱም ነገር ማየት ስለሚወድ እምቢ አላለም።

ስምንት ኬሻ ገብስ ጫንን። መጀመሪያ እንደ እኔ ትምህርት አምስቱን ከጎማው በስተኋላ፣ ሦስቱን በስተፊት አደረግን። በዝግታ ሲሄድ እንደ ጨዋ ልጅ ተከተለ። ከድር ፈጠን ሲል ወዝወዝ አለ። ደገመው። በሦስተኛው መንገዱን ለቅቆ ሁለት ኬሻ ቦይ ውስጥ ጣለ። ገበያተኛው ዕቃውን ትቶ እኛን ያይ ጀመር። ኬሻዎቹን ለቅመን ደግሞ አምስቱን በስተፊት፣ ሦስቱን በስተኋላ አደረግን። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ነዳ። አልተነቃነቀም። አላመንሁም፤ መልሰን ወደ ኋላ ጫንን፤ ተወዛወዘ። ወደ ፊት መለስነው፤ ጸጥ አለ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያስተማርሁሽ ለበቅሎ እውነት ነው፤ ለተሳቢ አይሠራም። ጭነቱን ወደ ፊት አምጪው። የሚጎትተው ጫንቃው ላይ ጥቂት ሸክም ይፈልጋል፤ አለዚያ የኋለኛው የፊተኛውን ይመራዋል። ዛሬውኑ አሠሪሽን ጠይቂ፤ ማፈርሽን ተዪው። መነጽሩም ይቆይ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ብቻ ጻፊልኝ። አባትሽም

እህቴ ትርሲት፣ ይህን የምጽፈው እኔ ገሊላ ነኝ። ጋሼ እዚህ ላይ አቋረጡ። «አባትሽም ምን ልበል?» ብላቸው ተነሥተው ወጡ። ሁለት ቀን ጠበቅኩ፤ እህልም በወጉ አልቀመሱም። ደብዳቤው እንዳይዘገይ እንዳለ ልኬዋለሁ።

ካልጋሪ
ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት አሠሪዬ ዘንድ ገባሁ። ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን ወንበር ሳበልኝ። «ሳይነግሩኝ የሚሄዱት ናቸው የሚያስፈሩኝ» አለ። ከዚያ ወደ ግቢ ወጥተን የሰው መመዘኛ ሚዛን አምጥቶ የተሳቢውን አንገት አስቀመጠበት፤ እንዳይሰበር በእንጨት አግዞ ነው። ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ አንድ ዐሥረኛው መንጠቆው ላይ መውደቅ ነበረበት። የእኔ ምንም አልነበረውም ማለት ይቻላል። ከዐሥር እጅ ስድስቱ ከጎማው በስተፊት መሆን አለበት አለኝ። እርስዎ በስምንት ኬሻ አምስት ለሦስት ያሉት ማለት ነው። ስለ ጋሪው ብነግረው ሥዕሉን ለምኖኝ ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

የፒካፑ ወገብ እንዳይጎብጥ ደግሞ ሸክሙን ለፊት ጎማዎቹ የሚያካፍል ብረት አለ፤ መወዛወዙንም ያፍናል። እስከ ዛሬ መጋዘን ውስጥ ተሰቅሎ አየው ነበር፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም ነበር። መወዛወዝ ቢጀምር ምን እንደማደርግም አስተማረኝ። ፍሬን አልረግጥም፤ መሪውን አልታገልም። እግሬን ከነዳጅ ላይ አነሣለሁ፤ መሪውን ቀጥ አድርጌ እይዛለሁ፤ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጄ ቀስ አድርጌ እስባለሁ።

አሁን እውነቱን ልንገርዎት። መንገድ ዳር አንድ ሰዓት የቆምኩት እግሬን ላፍታታ አልነበረም። ተሳቢው ገፍቶ ከመስመሬ አስወጣኝ። ፍሬን ረገጥኩ፤ ባሰበት። ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ቢኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ዳር ይዤ ቀበቶዎቹን ደጋግሜ ስፈትሽ ነው የቆምኩት።

እርስዎም እውነቱን ይንገሩኝ። ዓይንዎ ከደከመ በስንተኛው መንገዱን እንደለቀቀ በምን ቆጠሩት? ስለ አባቴ የጀመሩትንም ይጨርሱልኝ። እኔ የማውቀው ፍሬን በጥሶ መሞቱን ነው።

ልጅዎ ትርሲት

ዘመሮ
ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ትርሲት፤

ሰላም ይብዛልሽ። ፊደሉ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። የተጎዳው ዓይኔ ሳይሆን ቀኝ እጄ ነው። ጋሪውን በጎተትን ዕለት ብረቱ እንዴት እንደሚነሣ በእጄ ልወቀው ብዬ ፒካፑ ላይ ተቀምጬ ይዤው ነበር፤ ሲወዛወዝ አጣበቀኝ። ወጌሻ አስሮታል፤ ይድናል። ገሊላ ልጻፍልዎት ብላኝ ነበር። የዛሬውን ግን በሰው እጅ ማስጻፍ አልፈለግሁም።

አባትሽ ይነዳት የነበረችው ላንድሮቨር የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ነበረች። ባለሁለት ጎማ ተሳቢ አስከትሎ ገብስ ወደ ቆላ ያወርድባት ነበር። በ1995 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ አንቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ፣ ጫኙ ታምሞ ስለቀረ እኔ ጫንሁለት። የላንድሮቨሯ ኋላ ዝቅ ሲል አሳዘነችኝ። የምትወርደው ቁልቁለት ነው አልሁትና ኬሻዎቹን ወደ ኋላ ሳብሁ። ኪዳነ «ጋሼ፣ እኛ እኮ ሁልጊዜ ወደ ፊት ነው የምንጭነው» አለኝ። «አንተ ሳትወለድ ጭኛለሁ፤ ዝም በል» አልሁት። እሱም ዝም አለ። ለታላቅ መልስ አይሰጥም ብለን ያሳደግነው እኛው ነን።

በቁልቁለቱ ሥር እንጨት ይፈልጥ የነበረ አንድ ሰው በለቅሶው ላይ «ተሳቢው ጅራቱን እየወዘወዘ ይዟት ገደል ገባ» ብሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ ፍሬን ነው አለ፤ እኔም ፍሬን ነው አልሁ። ያንን ሰው ሰካራም ነው ብዬ ቃሉን ጣልሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጣልሁት። አንቺ «ጅራቱን ይወዘውዛል» ብለሽ ስትጽፊ መጣብኝ። ያን ሁሉ ጥያቄ የጠየቅሁሽ፣ ጋሪውንም የጎተትሁት ለማወቅ ጓጉቼ ብቻ አይደለም። ሰውየው ሰካራም መሆኑን ላረጋግጥ ነበር። አልነበረም።

አንቺንም ጨምረሽ ሳቢው ያልሁሽ እኔ ነኝ። ሁለታችሁንም በአንድ ቃል ነው የላክኋችሁ። ይቅር በዪኝ ማለት ይገባኛል፤ ግን አፈርሁ።

መነጽሩንም ሌላውንም ተዪው። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ያንን ተራራ ስትወርጂ ደርሻለሁ ብለሽ ጻፊልኝ። ኪዳነ በሄደበት ቀን ደጃፍ ቆሜ ስጠብቅ የዋልሁት ይህን ቃል ነበር።

ገብረ ክርስቶስ

ካምሉፕስ፣ ካናዳ
ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባቴ ወንድም፣ ለአባቴ ለጋሼ ገብረ ክርስቶስ፤

በፍልሰታ መያዣ ጤና ይስጥልኝ። መልስ በማዘግየቴ ምን እንዳሰቡ አውቃለሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ የዛሬ ዐሥር ቀን ነው። ሦስት ቀን ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ብዕር አንሥቼ የጻፍኩትን ቀድጄዋለሁ። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁና ተሳቢውን ከፍቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። መኪናዋን ወደ ኋላ ስስብ የቀረው የጎማዋ ምልክት አሁንም አለ። ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ፒካፑ አሳዝኖኝ ነው። እርስዎም አዝነው ነው። እኔ የተረፍኩት ከፊት ለፊት ሰው ስላልመጣብኝ እንጂ ከእርስዎ የተሻለ ስላወቅኩ አይደለም። እርስዎ ጋሪውን ባይጎትቱ ኖሮ ደግሞ እንደዚያው ጭኜ ይህንን ተራራ እወርድ ነበር። አባቴን ዝም ቢያሰኙትም እኔን ጠይቂ ብለውኛል። ስለዚህ የሚቀየም ሰው ፈልጌ አጣሁ።

የጫንኳት መኪና ምን እንደሆነች ቢያዩ ይስቁ ነበር፤ ቮልስ ናት። እርስዎም ያውቋታል፤ ሞተሯ ከኋላ ነው። የሥራ ባልደረባዬ እንደ ሌሎቹ በአፍንጫዋ ሊያስገባት ሲል አስቆምኩት። እንደዚያ ብትገባ ክብደቷ ሁሉ ወደ ኋላ ይሆናል። ኋሊት ነድቼ አስገባኋት፤ ሞተሯ ወደ ፊት መጣ። አሠሪዬ ቆሞ ሲያይ ቆየና ሚዛኑን አምጥቶ መንጠቆውን መዘነ፤ በእሺታም ራሱን ነቀነቀልኝ።

ትናንት ጠዋት ተነሣሁ። ቁልቁለቱ ላይ ማርሽ ቀንሼ በዝግታ ወረድኩ። ወገቡ ላይ ስደርስ ረጅም የጭነት መኪና በግራዬ አለፈኝ፤ ነፋሱም ተሳቢውን በጎኑ መታው። እግሬን ከነዳጅ ላይ አነሣሁ፤ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። አንዴ ነቅነቅ አለና በራሱ ተመለሰ። «አባዬ፣ ወደ ፊት ነው የጫንኩት» አልኩ፤ ለምን ጮክ ብዬ እንዳልኩት አላውቅም። ከዚያ እስከ ታች አለቀስኩ። ግን መሪውን አልለቀቅኩም።

መነጽሩን ከዚህ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ የከድር ዘመድ ሰጥቼዋለሁ፤ በመስከረም ይደርስዎታል። ጥቁሯን ግልገል «ሚዛን» ብያታለሁ። እጅዎ ሳይድን ሥራ እንዳያስነኩዎት በገሊላ በኩል ለእትዬ አማከለች ነግሬያለሁ፤ እሳቸው አይለቁዎትም።

አሁን ደጃፉን ትተው ወደ ቤት ይግቡ። ጋሼ፣ ደርሻለሁ።

ልጅዎ ትርሲት